ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ለተመደባችሁ፦ ከፖርታሉ እስከ ዶርሙ

አዲስ ተማሪ በሚገባበት ሰሞን ሬጅስትራር በር ላይ ዕንባ ያቀረረ ልጅ አይጠፋም። አንዱ የአያቱ ስም በሁለት ወረቀት ላይ በሁለት ዓይነት ተጽፎበት ነው። ሌላው ትራንስክሪፕቱን ማኅተም ሳያስመታ ይዞ መጥቶ ነው። ሦስተኛዋ በሞጣ በሚያልፍ አውቶቡስ ተሳፍራ መንገድ ስታ፣ ደክማና አምሽታ ደርሳ ነው። ሦስቱም ጣጣ ከቤት ሳይወጣ ሊያልቅ የሚችል ነበር። አዲስ ተማሪ መቀበል፣ ሻንጣ ማገዝና ወረቀት ማስተካከል የለመድን ሰዎች ነን፤ የምናውቀውን በሙሉ እዚህ እናስቀምጣለን።

ጎጃም ላይ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ስለሆነ አኗኗሩ ሌላ ነው፤ የምናወራው ስለ ሁለቱ ነው። ደብረ ማርቆስ በ1999 ዓ.ም ተማሪ መቀበል የጀመረ፣ ሕክምናም ሕግም ምህንድስናም የሚያስተምር ነው። እንጅባራ አራተኛ ትውልድ ከሚባሉት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ላይ ይገኛል።

መደበኛ ተማሪ ለዩኒቨርሲቲው በቀጥታ አያመለክትም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ፣ ማለትም ፈተናው ከ600 በሚታሰብበት ዓመት ቢያንስ 300 ያለው ተማሪ፣ በትምህርት ሚኒስቴር የምደባ ፖርታል ገብቶ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ይሞላል። ምደባውን የሚሠራው ሚኒስቴሩ ነው። ምርጫውን በመጨረሻው ሌሊት የሚሞላ ሰው ፖርታሉ ተጨናንቆበት፣ ገጹ እየተመለሰ እየተዘጋ ያነጋል፤ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨርሱት። ከላካችሁ በኋላ እንደገና ገብታችሁ የሞላችሁት ቅደም ተከተል እንዳለ መቀመጡን እዩ፣ የስክሪኑንም ፎቶ አስቀሩ። ስልክ ቤት ወይም ኢንተርኔት ቤት ያለ ሰው «እኔ ልሙላልህ» ሲል የአድሚሽን ቁጥራችሁን ሰጥታችሁ አትሂዱ። አጠገቡ ቁጭ በሉ። እሱ የሚያውቀው የዩኒቨርሲቲዎቹን ዝርዝር ነው፣ የእናንተን ፍላጎት አያውቅም።

ቅደም ተከተሉን በከተማ ስም አትወስኑ። አንደኛ ዓመት ላይ ሁሉም ፍሬሽማን (ዲፓርትመንት ያልለየ አዲስ ተማሪ) ነው፤ ዲፓርትመንት የሚደለደለው ከዚያ በኋላ፣ በግቢው ውስጥ ባለው ውድድር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የምትፈልጉት ትምህርት እዚያ ግቢ መኖሩ ነው። ሁለተኛው ነገር የውድድሩ ጥበት ነው፤ ስሙ የገነነ ግቢ ውስጥ ከፍተኛ ውጤት ያለው ተማሪ ስለሚበዛ፣ ውጤቱ መሃል ላይ ያለ ልጅ የሚመኘውን ዲፓርትመንት የማግኘት ዕድሉ አነስተኛ ከተማ ላይ ሊሰፋ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያስብ ልጁን «ትልቁን ምረጥ» ብሎ ያስሞላዋል። እኛ ይህን ምክር አንደግፈውም።

50 ያልሞላለትና ለሬሚዲያል (ለአቅም ማሻሻያ ትምህርት) የተመረጠ ተማሪም ወደ እነዚሁ ግቢዎች ይመደባል። የሬሚዲያል ውጤት 70 በመቶው ከማዕከል ከሚመጣ ፈተና፣ 30 በመቶው ደግሞ ግቢው ከሚሰጠው ይደመራል፤ ማለፊያው 50 ነው። «ዘንድሮ ገብቻለሁ» ብሎ የሚዝናና ልጅ በዚህ ላይ ይወድቃል። ሬሚዲያል መግባት ማለት ገና በሩ ላይ መሆን ነው፤ ከቤት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጽሐፍና ደብተር ይዛችሁ ኑ።

ምደባ በወጣ ማግስት ቴሌግራም ላይ «ምደባ እናስቀይራለን» የሚሉ ሰዎች ይፈላሉ። ገንዘብ ተቀብሎ ምደባ የሚያስቀይር ሰው የለም። ከባድ የጤና ችግር ያለበት ተማሪ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ እናት ጉዳያቸውን ማስረጃ አያይዘው የሚያቀርቡት ሚኒስቴሩ በሚያሳውቀው ጊዜና መንገድ ነው። የሐኪም ማስረጃ ለማውጣት ቀናት ስለሚወስድ ውጤት እስኪወጣ አትጠብቁ።

ከመደበኛው ውጭ ያለው መንገድ ግን በቀጥታ ማመልከት ነው። በማታ፣ ቅዳሜና እሁድ ወይም በክረምት በግላችሁ ከፍላችሁ የምትማሩ ከሆነ ማስታወቂያውን ተከታትላችሁ ሬጅስትራር ትመዘገባላችሁ። ሁለተኛ ዲግሪ ለሚያመለክት ደግሞ ብሔራዊው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይቀድማል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ከዚያ ብዙውን ሰው የሚያሰናክለው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። የተማራችሁበት ግቢ በቀጥታ ወደ አዲሱ ግቢ የሚልከው ወረቀት ነው እንጂ በእጃችሁ ያለው ኮፒ አይደለም። የወጪ መጋራት ዕዳ (ተምሮ ሥራ ሲይዝ የሚከፍለውን) ያልጨረሰ ሰው ደግሞ ይህን ማስላክ ይቸገራል። መሥሪያ ቤታችሁ ከደመወዛችሁ እየቆረጠ ከሆነ የተቆረጠውን የሚያሳይ ደብዳቤ ከገቢዎች ወይም ከመሥሪያ ቤቱ አውጡ። ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የጀመረ ሰው አይደርስም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ጥሪው ሲወጣ የሚጠየቁት ነገሮች ከዓመት ዓመት ብዙም አይለዋወጡም፦ የ8ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ሰርተፍኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት፣ የሁሉም ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ። አሁን ፋይዳም (ብሔራዊ መታወቂያው) ተጨምሯል። ቱታው ለጌጥ የተጠየቀ እንዳይመስላችሁ፤ ፍሬሽማን ላይ የአካል ብቃት ትምህርት እንደ ኮርስ ስለሚሰጥ ሜዳ ላይ ያለ ቱታና ሸራ ጫማ አትገቡም።

ትራንስክሪፕቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ እንደ ሬጅስትራር ሠራተኛ እዩት። ፎቶ ተለጥፎበታል? የትምህርት ቤቱ ክብ ማኅተም ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ አርፏል? ርዕሰ መምህሩ ፈርሞበታል? አራቱም ክፍሎች ከነሴሚስተራቸው አሉ? በመሃል ትምህርት ቤት የቀየረ ልጅ የ9ኛው ወይም የ10ኛው ዓምድ ባዶ ሆኖበት ይመጣል፤ አዲሱ ትምህርት ቤት «የድሮው ያሟላ» ይላል፣ የድሮው ደግሞ ሩቅ ነው። ቀጥሎ ስሙ። የ8ኛውን ሰርተፍኬት፣ ትራንስክሪፕቱን፣ የብሔራዊ ፈተናውን ውጤትና ፋይዳውን ጎን ለጎን አስቀምጡና የራሳችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም ፊደል በፊደል አነጻጽሩ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። አንዱ ላይ «ኃይለማርያም» አንድ ቃል ሆኖ፣ ሌላው ላይ ተለያይቶ፣ እንግሊዝኛው ላይም አንዱ በ«i» ሌላው በ«y» ተጽፎ ይገኛል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሲስተሙ የሚያውቀው ምደባው የመጣበትን ስም ነው፤ ዲግሪያችሁም የሚታተመው በእሱ ነው። የሚስተካከለውን ትምህርት ቤታችሁ ቅርብ ሳለ አስተካክሉ። ያልተቻለውን ደግሞ ትምህርት ቤቱ «የአንድ ሰው ስም ነው» ብሎ በማኅተም ደብዳቤ ይጻፍላችሁ።

ኮፒ ከእያንዳንዱ አምስት፣ ጉርድ ፎቶ ቢያንስ ስምንት ያዙ። ምዝገባ ቀን ግቢው አካባቢ ያሉት ኮፒ ቤቶች ወረፋቸው መንገድ ይዘጋል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁሉንም በወረቀት ያዙ። ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ያውቃልና «ቴሌግራሜ ላይ አለ» የሚል ተማሪ ባዶ እጁን ቆሞ ቀርቷል።

ጥሪው የሚወጣው በዩኒቨርሲቲው ገጽና ቻናል ነው። ቀኑን፣ የፊደል ተራውንና በተለይ ካምፓሱን ለይታችሁ አንብቡ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከዋናው ግቢ ሌላ የጤና ሳይንስ ካምፓስና ከከተማው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ የቡሬ ካምፓስ አለው። ካምፓሱን ሳያይ ሻንጣውን ዋናው ግቢ ያራገፈ ልጅ መልሶ ይጭናል። ከተጠራበት ቀን ቀድሞ የመጣ ዶርም አያገኝም፣ ዘግይቶ የመጣም አይስተናገድም። ትክክለኛው ነገር ምዝገባው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ከተማው ደርሶ አልጋ ይዞ ማደር ነው። በዚያ ሰሞን አልጋ ይወደዳል፣ በምርቃት ሰሞንም እንዲሁ፤ ከተማው ውስጥ የምታውቁት ሰው ካለ በስልክ ያስይዝላችሁ።

መንገዱን የሚያህል ነገር ደግሞ የለም። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ በፍቼ፣ በገብረ ጉራቻ፣ በጎሐ ጽዮን አልፎ ዓባይ በረሃን ይወርድና ደጀን ላይ ይወጣል። እንጅባራ ከደብረ ማርቆስ ሌላ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በጥሊሊ ታልፋላችሁ። ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ሁለቱም ባሕር ዳር ይገባሉ። «የባሕር ዳር መኪና» ላይ ተሳፍሮ መንገድ ላይ እወርዳለሁ የሚል ሰው ትኬት ሳይቆርጥ «በየት በኩል ነው የሚሄደው?» ብሎ ይጠይቅ። በሞጣ ከሆነ ደብረ ማርቆስንም እንጅባራንም አይረግጥም፤ ደጀን ላይ ወርዳችሁ የቀረውን ወደ 70 ኪሎ ሜትር በሌላ መኪና ትሄዳላችሁ። እንጅባራ ለተመደባችሁና አቅሙ ላላችሁ በአውሮፕላን ባሕር ዳር ወርዶ፣ ከዚያ በመርዓዊና በዳንግላ በኩል ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ መሄድ ቀላሉ መንገድ ነው።

ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ድረሱ። ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለው ቁልቁለትና ዳገት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከደጋው ብርድ ተነስታችሁ ታች ድልድዩ ጋ ወበቅ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ከዚያ መልሳችሁ ደጋ ትወጣላችሁ። ጆሮ ይደፈናል፣ የማያስታውክ ሰውም ያስታውካል። ጠዋት ጥብስና ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው እዚያ ላይ ይቀጣል፤ ደረቅ ዳቦና ሻይ ይበቃል፣ ፌስታልና ውኃ በእጃችሁ ይሁን፣ ጃኬቱን በቀላሉ እንድታወልቁት ከልብስ ላይ ደርቡት። ክረምት ላይ መሬቱ እየተንሸራተተ መንገዱን ይቆርጠዋል፣ የከባድ መኪና ሰልፍም ይረዝማል። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናት ስላሉ ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን ግቢው ውስጥ ላለ ተማሪ ወይም በመስመሩ ለሚሠራ ሹፌር ደውሉ። በምሽት አትጓዙ። መንገድ በመዘጋቱ ለቀረ ተማሪ ግቢው ተጨማሪ ቀን የሚያወጣበት ጊዜ አለና ማስታወቂያውን ከመከታተል አትቦዝኑ።

ትልቁ ሻንጣ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል፤ ሸራ መልበሱን ዓይናችሁ እያየ ይሁን፣ የጭነቱንም ሒሳብ ከረዳቱ ጋር ሳይጫን ተነጋገሩ። ወረቀቶቹ፣ ስልኩና ገንዘቡ ግን ደረታችሁ ላይ በሚያዝ ትንሽ ቦርሳ ናቸው፣ ወረቀቱም በፕላስቲክ ፋይል። ዝናብ የመታው ትራንስክሪፕት ማኅተሙ ይፈስሳል።

ግቢው በር ላይ ፍተሻ አለ። ስለት፣ ምድጃ፣ የውኃ ማፍያ፣ ጫትና መጠጥ አያልፍም። ከዚያ ያለው ቅደም ተከተል በአብዛኛው እንዲህ ነው፦ ሬጅስትራር ዋናውን ከኮፒው ጋር ያመሳክራል፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ የወጪ መጋራት ውል ትሞላላችሁ፣ ዶርም ትደለደላላችሁ፣ የምግብ ካርድ ትወስዳላችሁ፣ በመጨረሻ ሴክሽናችሁን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ትፈልጋላችሁ። ዋናውን ወረቀት ግቢው ሊያስቀር ስለሚችል ማን እንደተረከበ ሳታውቁ ጥላችሁ አትውጡ።

የወጪ መጋራቱን ውል ሳታነቡ አትፈርሙ። ሥርዓቱ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ሲሆን ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ የተወሰነ ድርሻ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። እዚህ ላይ «ካፌ» (ግቢው ውስጥ መመገብ) ወይም «ነን ካፌ» የሚለው ምርጫ ይመጣል። ነን ካፌ የሆነ ተማሪ የምግቡን ገንዘብ በባንክ ይቀበላል፤ ገንዘቡ ሊዘገይ ይችላል፣ የከተማው ምግብም ከሚሰጠው በላይ ያስወጣል። ጤናችሁ ልዩ ምግብ ካላስገደዳችሁ በስተቀር የመጀመሪያውን ዓመት ካፌ ሁኑ። አይጣፍጥም፣ ግን በሰዓቱ አለ። የባንክ ሒሳባችሁን ከቤት ሳትወጡ በፋይዳው ስም ክፈቱ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቢሆን ይሻላል። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም ባንኩም ስለማይሠራ የአንድ ሳምንት ወጪ የሚሸፍን ጥሬ ገንዘብ ለይታችሁ ያዙ።

ዶርም ላይ የምትጋሩት ክፍል ነው፣ ተደራራቢ አልጋና ቁም ሳጥን ይሰጣችኋል። ፍራሹን ፕሮክተሩ (የዶርሙ ተቆጣጣሪ) ሲያስረክባችሁ የተቀደደ ወይም የጎደለ ነገር ካለ እዚያው አስመዝግቡ፤ ስትወጡ ክሊራንስ (ንብረት የመመለሻ ቅጽ) ስትሞሉ የተጠያቂው ስም የእናንተ ነው። ጓጉንቸር ሁለት ያዙ፣ አንዱ ለሳጥን አንዱ ለሻንጣ። ቧንቧ ውኃ የሚቋረጥባቸው ቀናት አሉና አምስት ሊትር ጀሪካንና ጆግ ከሁሉ በፊት የሚገዙ ናቸው። ቻርጅ የሚደረግ የእጅ ባትሪ አትርሱ።

ብርዱን ግን ከቆላ የሚመጣ ሰው አይገምተውም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ የጮቄ ተራራ ነፋስ ይመጣባታል። እንጅባራ ደግሞ ከእሷም ትቀዘቅዛለች፣ ዝናቧም ይረዝማል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። አንድ ቀጭን ብርድ ልብስ ይዞ የመጣ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ገበያ ወጥቶ በውድ ይገዛል። አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አንድ ጋቢ፣ ካልሲ አራት አምስት ጥንድ፣ ጃንጥላና ጭቃ የሚችል ጫማ ከቤት ይምጣ። ጋቢው ከሁሉ ይበልጣል፤ ሌሊት ትለብሱታላችሁ፣ ቀን ላይብረሪ ውስጥ ትደርቡታላችሁ፣ መንገድ ላይም ትራስ ይሆናል። ስንቅ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ ይሁን፤ ቅቤ የበዛበት ነገር ሲቆይ ይሸትታል።

ግቢውን ቀድሞ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ወይም ወላጅ ምዝገባ ላይ አይምጣ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መንገዱ ደረቅ ነው፣ ትምህርቱም እየሄደ ነው። መታወቂያ ይዛችሁ፣ የሚያውቃችሁ ተማሪ ወይም ሠራተኛ በር ላይ ቢቀበላችሁ ይቀላል። ሕንፃ ለማየት አትድከሙ። ማታ ላይብረሪው ምን ያህል ሰው እንደሚይዝ፣ ዶርም ላይ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በምትፈልጉት ዲፓርትመንት ያሉ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ላቦራቶሪና ስለ መምህር ምን እንደሚሉ ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ስለሆነ፣ የዚያ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ባለፈው ዙር ምን ያህሉ እንዳለፉ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ከተማው ላይ ሰዓት ከተረፋችሁ ደብረ ማርቆስ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት እዩ፤ ከተማዋ ድሮ መንቆረር ነበር ስሟ። እንጅባራ ላይ ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ ዳር የዘንገና ሐይቅ አለ፤ ጥር 23 የምትመጡ ከሆነ ደግሞ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ታገኛላችሁ፣ አልጋ ግን በዚያ ቀን ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። ጎጃም ቅኔ ሊማር ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ የሚመጣ ተማሪ ሲያሳድር የኖረ አገር ነው። ዛሬም አከራይዋን «እትዬ»፣ ባለሱቁን «ጋሼ» ብሎ በአግባቡ ሰላም የሚል ተማሪ ታምሞ ቢተኛ አጥሚት የሚያመጣለት ሰው አያጣም። ከተማው ትንሽ ስለሆነ ያበላሸውም ስም ቶሎ ይዳረሳል።

ለወላጆች አንድ ነገር፦ ዶርም ውስጥ ማደር አይፈቀድም። ልጃችሁን አስመዝግባችሁ፣ አልጋው መነጠፉንና ሳጥኑ መቆለፉን አይታችሁ፣ የፕሮክተሩንና የአንድ ዶርም ጓደኛ ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው መኪና የሚነሳው ጎህ ሳይቀድ ስለሆነ ትኬቱን ከዋዜማው ቁረጡ፣ መናኸሪያው አጠገብም እደሩ።